ስለ አሮጌው የአዋሽ ምድር ባቡር ጣቢያ

በአዊ አገር፣ በእንጅባራና በዳንግላ፣ የባቡር ሐዲድ ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን ቤት በምን እንደሚጸና የአዊ ባላገር ጠንቅቆ ያውቃል። ግድግዳውን በቀርከሃ ያቆማል፤ ክዳኑም ባረጀ ጊዜ ጎረቤቱን ጠርቶ በአዲስ ሣር ይከድነዋል። ሰው የሚኖርበት ቤት ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ ባዶውን የተተወ ግን ጥቂት ክረምት እንኳ አይችልም። ይህ ነገር በሩቅ ቆላ ለሚገኘው ለአዋሽ ጣቢያም ይሠራልና፣ ለአንባብያን ጥቂት ቃል ማቅረብ ወደድን።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ ስለ ነበረ ጉዞው 3 ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር።

የቤቱም አሠራር ይህንኑ ያስረዳል። ከጣቢያው አጠገብ «ቡፌ» የተባለው ማረፊያ ምግብ ቤትና መኝታ አለው፤ በረንዳውም ከቆላ ፀሐይ የሚጠለሉበት ነው። በፍርድ ቤት ሽማግሌ በቃሉ፣ ሰነድ በማኅተሙ እንደሚመሰክር፣ ቤትም በአሠራሩ ይመሰክራል። ያ መኝታ ቢፈርስ፣ አባቶቻችን እንዴት ይጓዙ እንደ ነበር የሚናገር አንድ ምስክር ሞተ ማለት ነው።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው የአሮጌው ባቡር ጉዞ ከተቋረጠ በኋላ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ተመረቀ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ስለ ኾነ፣ አዲሱ ባቡር በአሮጌው መንገድ ሊሄድ አይችልም፤ የራሱም ጣቢያዎች ተሠርተውለታል።

አንዳንድ ሰው «ባቡር ለማይመጣበት ጣቢያ ገንዘብ ማውጣት ምን ይጠቅማል?» ይል ይኾናል። መልሱን ቡፌው ራሱ ሰጥቷል፤ ባቡሩ ከቀረ በኋላም እንግዳ እየተቀበለ ቆይቷልና። ቤትን የሚያቆመው ሥራ እንጂ ምስጋና አይደለም። ስለዚህ ሥልጣን ያላችሁ ሹማምንት ኾይ፣ በየአውራጃችሁ ላለው አሮጌ ቤት አስቀድማችሁ ጣራውን አሳድሱለት፤ ቀጥሎም የንባብ ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ አድርጋችሁ ሥራ ስጡት። ወላጆችም ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩ፤ ልጅ በዓይኑ ያየውን ሲያድግ አያፈርስምና።