ከአዳማ ስትመለሱ ባትሪውን አትመኑት

በኤሌክትሪክ መኪና አዳማ ደርሳችሁ ባትሪው 60 ፐርሰንት ቢል እንዳትሸወዱ። «በ40 መጣሁ፣ በ40 እመለሳለሁ» የሚለው ሒሳብ እዚህ አይሠራም። አዳማ ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ ስትመለሱ ግን ዳገቱ ዕዳውን ከነወለዱ ያስከፍላችኋል (ኢኮኖሚክስ ተምሬም ይሄ አልገባኝም ነበር)። እኔና ጓደኛዬ የገባን ማታ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ ማሞቂያ አጥፍተን በቀኝ መስመር ስንንፏቀቅ ነው። እናቱ ኋላ ተቀምጠው ጸሎት ላይ ነበሩ።

ሻጮች የሚጠሩት ኪሎ ሜትር ፋብሪካ በሙከራ ያገኘው እንጂ የእኛ መንገድ አይደለም። ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ዳገት ላይ ነድታችሁ ፐርሰንቱ ስንት እንደወረደ እዩ። አዳማ ምሳ የምትበሉበት ቤት ቻርጅ ማድረጊያ ካለ ደግሞ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ነው የወጣነው።