የወደቀን ሰው «ተነሥ» ከማለታችን በፊት



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ውኃ፣ ስለ ቆሻሻ መጣያና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ነው። የዛሬው ስለ አጥንት ነው። ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን በሰፈራችን የደረሰ አንድ አደጋና፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ እኛው ራሳችን የፈጸምነው ስሕተት ነው።

እንደሚታወቀው የኮዬ ፈጬ ቤቶች ሲተላለፉ ብዙ ሥራ ይቀራቸው ስለነበር ማጠናቀቁ በየባለቤቱ ላይ ወድቋል። ሲሚንቶና አሸዋው በሰው ትከሻ ደረጃ ለደረጃ ይወጣል፤ ግድግዳ የሚቀባውም በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሞ ይሠራል። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቀለም ቀቢ ልጅ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀ። ጩኸት ሰምተን ሮጥን። አንዳችን በብብቱ፣ አንዳችን በእግሩ ይዘን ቀና አደረግነው። «አይዞህ፣ ምንም አልሆንክ፣ ተነሥ» አልነው። ውኃም አጠጣነው። ከዚያም ወገቡን አጥፈን ባጃጅ ውስጥ ከተትነውና በዚያ ሁሉ ጉድጓድ አንገቱ እየተወዛወዘ ሄደ። በደግነት ነው ያደረግነው፤ ደግነት ግን አጥንት አይጠግንም።

በኋላ ሐኪሙ የነገረን ነገር እስካሁን ድረስ ያስደነግጠናል። ከልጁ የአከርካሪ አጥንቶች አንዱ ተሰብሮ ነበር። በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ማለት ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሰው የነርቭ ገመድ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ገመዱ ደኅና ከሆነ ሰውየው ሊድን ይችላል። የተሰበረውን አጥንት ስናንቀሳቅሰው ግን ስብራቱ ገመዱን ሊጨፈልቀው ይችላል፤ ከተጎዳ ደግሞ እንደ ቆዳ ቁስል ተመልሶ አይሽርም። ልጁ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። የተረፈው በእኛ ብልሃት አይደለም።

በአገራችን የአጥንትን ነገር ለማስረዳት ከሻምበል አበበ ቢቂላ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። የሮምንና የቶኪዮን ማራቶን ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማያስታውሰው የ1961 ዓ.ም. ነገር ነው። በጥቅምት ወር ሜክሲኮ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሮጥ ሲዘጋጅ ግራ እግሩን አመመው፤ ሐኪሞች ሲያዩት የቅልጥሙ ቀጭን አጥንት ተሰንጥቆ ተገኘ። ያም ሆኖ ሮጠ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ግን አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሮ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ያን ሁሉ ሕክምና አግኝቶ እግሩ ካልተመለሰ፣ በባጃጅ ታጥፎ የሚሄደው የእኛ ልጅ ምን ተስፋ አለው?

የሜክሲኮውም ሕመም እዚሁ አለ። ማለዳ አስፋልት ላይ የሚሮጡ ልጆቻችንና ቀኑን ሙሉ ሸክም የሚያወጡ ሠራተኞች ቅልጥማቸውን ወይም እግራቸውን አንድ ቦታ ላይ ያማቸዋል። ሲጫኑት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል፣ ሲሮጡ ይመለሳል። ይህ በአንድ ምት የመጣ ስብራት ሳይሆን ከመደጋገም ብዛት የተፈጠረ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ መቻሉ ነው። ስለዚህ «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለህም ተባልኩ» ብሎ ወደ ሩጫ መመለስ አይገባም፤ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሶ መታየት ነው። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ዕረፍት ነው፤ ስድስት ሳምንት፣ ስምንት ሳምንት። ወጣት ይህን መስማት አይወድም፤ እናውቃለን።

ስለ ወጌሻም ሳንናገር አናልፍም። አንዳንድ አባላት ይቀየሙን ይሆናል። የሰፈራችንን ወጌሻ አባት እናከብራቸዋለን፤ ስንቱን ወለምታ አሽተው አድነዋል። ነገር ግን ጀርባና አንገት አይታሽም፣ አይጎተትም። የተሰበረ እጅም በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ እስከ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ይሂድ። በዚህ ምክንያት እጅና እግር የተቆረጠባቸው፣ በተለይም ሕፃናት፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል።

እንግዲህ ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ሰው ስናይ፣ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደን በስተቀር ካለበት አናንሣው። አንድ ሰው ጭንቅላቱ አጠገብ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ ይያዝለት። ውኃም ምግብም አይሰጠው። እግሩ መደንዘዙን፣ ጣቱን ማንቀሳቀስ መቻሉን እንጠይቀው። ካስታወከ አንገቱ፣ ጀርባውና ወገቡ ሳይጠማዘዝ መላ አካላቱን እንደ ግንድ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን እናዙረው። በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደወል። አምቡላንስ ከታጣ ደግሞ ባጃጅ ሳይሆን ጠፍጣፋ ሳንቃ፣ አራት ሰውና ከኋላው ክፍት የሆነ መኪና ይፈለግ።

ሳንቃውን በሚመለከት ባለፈው ስብሰባ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመዋጮው ላይ ሳንቃና ማሰሪያ ቀበቶ እንግዛ ስንል፣ «መጀመሪያ የግቢው በር ይጠገን» ያሉ አሉ። በሩ መጠገን እንዳለበት አንክድም። ቢሆንም በሩ ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል፤ መወጣጫው ላይ የቆመው ልጅ ግን የሚወድቅበትን ቀን አይመርጥም። ስለዚህ ጉዳዩ በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ እንደገና ይቀርባል። እስከዚያው አንድ አባላችን ያበረከቱት የቆየ የእንጨት በር ተጠርቦ በጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልብስ ማስጫ እንዳታደርጉት አደራ እንላለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ