አብቦ ፍሬ ለሚነሣን ሰሊጥ



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሱዳኑ ባሱንዳና በኢትዮጵያው መተማ ዋልካ ላይ ሰሊጥ ለምትዘሩ፣ ለምታርሙና ለምታጭዱ ሁሉ ነው። ከጎንደርና ከጎጃም ወርዶ እስከ ገዳሪፍ የሚሻገረው ሠራተኛ እንደሚያውቀው፣ ድንበሩ ቢለያይም ችግራችን አንድ ነው። ከነዚህ ችግሮች አንዱ ተክሉ ለምልሞ አብቦ ፍሬ መንሣቱ ነው። አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት ደግሞ ለሄክታር ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ብቻ የሚበቃው ቦሮን የተባለ ማዕድን ማነሱ ነው።

የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ዘይቱ የሚሠራው ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ካዘጋጀው ስኳር ነው። ስኳሩም በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ሥር፣ ወደ ለጋ ጫፍ፣ ወደ አበባና ወደ ፍሬ ይጓዛል። ቦሮን ባነሰው ተክል ግን ስኳሩ ቅጠል ላይ ይከማቻል።

ለምን? እ.ኤ.አ. በ1953 ጋውችና ደገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቦሮን ከስኳር ጋር ተጣምሮ በህዋስ ሽፋን ያሻግረዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይሁን እንጂ ተክሎች በብዛት የሚያጓጉዙት ሱክሮስ ከቦሮን ጋር የሚኖረው ትስስር ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቦሮን በህዋስ ግድግዳ ውስጥ ያሉትን የፔክቲን ክሮች እንደሚያስተሳስር ተረጋገጠ። ስለዚህ ቦሮን ሲያጥር አዲስ ህዋስ ግድግዳውን መሥራት ያቅተዋል፣ ለጋው ጫፍ ይቆማል፣ የአበባ ብናኝም ወደ እንቁላሉ የሚወስደውን ቱቦ ማብቀል ይሳነዋል። ገዢ በሌለበት ገበያ እህል የሚያራግፍ ነጋዴ የለም፤ ስኳሩም ተቀባይ ሲያጣ ባለበት ይቀራል።

ማሳችሁ መሐል ገብታችሁ አንድ ተክል ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ። ታችኛው ቅጠል ደህና ሆኖ የጫፉ ቅጠል ከተጣመመ፣ ከወፈረና ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ፣ እምቡጡም ከረገፈ ቦሮንን ጠርጥሩ። በአብዛኞቹ ሰብሎች አሮጌው ቅጠል የያዘው ቦሮን ወደ ለጋው አይሄድም፤ ችግሩ ከላይ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ይሁንና ውኃ የተኛበት ማሳ፣ ተባይና በሽታም አበባ ያረግፋሉ፤ የቦሮን ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት እነሱን ለዩ።

ዝናብ የሚቆምበትን ሳምንትም አስተውሉ። ቦሮን ሥር ጋ የሚደርሰው በውኃ ሟሙቶ ስለሆነ፣ ዋልካው ደርቆ ሲሰነጠቅ አፈሩ ውስጥ ቦሮን እያለ ተክሉ ያጣዋል። በገዳሪፍ በኩል የትራክተር እርሻ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአንድ መሬት ላይ ማሽላና ሰሊጥ ሲያፈራርቅ ኖሯል፤ ከእህሉ ጋር የወጣው ማዕድን በአብዛኛው አልተተካም።

በኢትዮጵያ ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር ለምነት ጥናት በብዙ ማሳዎች ላይ የቦሮን እጥረት አሳይቷል፤ ቦሮን የተቀላቀለበት ማዳበሪያ የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። ግን የአካባቢው የአፈር ካርታ ስለ እናንተ ማሳ አይመሰክርም። አፈሩ በሞቀ ውኃ ሲመረመር በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም በታች ቦሮን ከተገኘበት ማነሱን መገመት ይቻላል። ቦሮን ሲበዛ ደግሞ የአሮጌ ቅጠልን ዳር ያቃጥላል፤ በመጥቀምና በመጉዳት መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። በግምት የሚረጭ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ይህን እለምናችኋለሁ፦ ከዝናቡ በፊት የአፈር ናሙና አስመርምሩ። ምርመራው እጥረት ካሳየ በባለሙያ ምክር ቦሮኑን ለአንድ ጠባብ መደብ ብቻ ስጡ፣ ጎኑ ያለውን እንዲሁ ተዉት፣ ከሁለቱ የሚገኘውን ፍሬ ለየብቻ መዝኑ። ውጤቱን፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ድንበር ማዶ ላለው ጎረቤት ጭምር ንገሩ። እንዲህ ከተባበርን ገበሬው ያላስፈለገውን ለመግዛት ገንዘቡን አያባክንም፣ ያስፈለገውንም ለይቶ ያውቃል።