ከላይኛው ረድፍ የተለየ ሁሉ ለውጥ ነው?

በየወሩ ከደመወዝ መክፈያው ጋር የሠራተኞች ዝርዝር ይወጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ «ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ለቀቀ፣ ስንትስ ተዛወረ?» ብሎ ይጠይቃል። የዳታ ባለሙያው ዝርዝሮቹን አንዱን ከሌላው ሥር ይደረድርና እያንዳንዱን ረድፍ ከላይኛው ጋር ያስተያያል። ከተለያዩ ለውጥ አለ፤ ካልተለያዩ የለም።

ዘዴው ቀላል ነው። በኤክሴል አንድ ቀመር ይበቃዋል። በዳታቤዝም የቀደመውን ረድፍ የሚጠራው «ላግ» በ2012 እ.ኤ.አ. ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ፣ በ2018 ደግሞ ማይኤስኪውኤል ውስጥ ከገባ ወዲህ ሥራው የአንድ መስመር ሆኗል። ቅለቱ ግን ሪፖርቱ ያለ ጥያቄ እንዲታመን አድርጓል።

ላግ የሚያየው ከላይ የተቀመጠውን እንጂ ቀድሞ የሆነውን አይደለም። ማን ከማን በፊት እንደሚመጣ የሚነግረው ሰው ነው፤ የኛ ቢሮ ደግሞ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የወር ስም በፊደል ተራ ሲደረደር ሐምሌ አንደኛ ይወጣል። የበጀት ዓመቱም በሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመጀመሪያው ረድፍ ትክክል ይመስላል፤ ሁለተኛው ግን ነሐሴ ሳይሆን መስከረም ነው! ከዚህ የሚብሰው አንድ ዓምድ ውስጥ የተቀላቀለ የዘመን አቆጣጠር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን ጁላይ 8 ቀን 2024 ነው። አንዱ ጸሐፊ የሐምሌውን 2024፣ ሌላው የነሐሴውን 2016 ብሎ ከመዘገበ የነሐሴው እድገት ከሐምሌው በፊት ይሰለፍና ሠራተኛው ከደረጃው የወረደ ይመስላል።

የጎደለ ረድፍም አለ። የአንድ ወር ፋይል ከጠፋ ሠራተኛው «ለቀቀ»፣ በቀጣዩ ወር «ተቀጠረ» ይባላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት ከ16 የሥራ ቀን ተነሥቶ በአገልግሎት እያደገ ይሄዳል። ይህን ሐሰተኛ መቋረጥ አምኖ ፈቃድ የሚያሰላ ቢሮ አንጋፋውን ሠራተኛ ወደ 16 ይመልሰዋል። በተቃራኒው በወሩ መካከል ታግዶ ከወር መጨረሻ በፊት የተመለሰ ሰው በሁለቱም ዝርዝሮች «በሥራ ላይ» ነው። እገዳው በማኅደሩ ውስጥ በደብዳቤ አለ፤ ሰንጠረዡ ግን አያውቀውም።

ማስተያየቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። መረጃ ሲገባ የተፈጠረ ስሕተት ለማደን፣ ሁለት ዝርዝሮች ይስማሙ እንደሆነ ለማየት ይጠቅማል። ታሪክ ሊሆን ግን አይችልም። ታሪኩ እዚያው ሲፈጸም መመዝገብ አለበት፤ ምን እንደተለወጠ፣ በየትኛው ደብዳቤ ቁጥር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና፣ መቼ እንደተመዘገበ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀኖች አንድ አይደሉም፤ ደብዳቤ ወደኋላ ተቆጥሮ እንዲጸና ሲጻፍ ማን አላየም?

ስለዚህ የሰው ሀብት ክፍሎች ቀጣዩን ሪፖርት ከማዘዛቸው በፊት እነዚህን ዓምዶች ያስጨምሩ፤ የቀን አጻጻፉንም በአንድ አቆጣጠር ይወስኑ።