ከቀለም ሥር የተደበቀው ዝገት

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከደላላ አፍ የሚሰማው ቃል ተመሳሳይ ነው፦ «ሞተሩ አልተነካም፣ ቀለሙ የፋብሪካ ነው፣ በሴት የተያዘ ነው።» ገዢውም ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፣ ጭሱን ያያል፣ አንድ ዙር ነድቶ ፍሬኑንና ካምቢዮውን ይሞክራል። ከዚያ ወደ ዋጋ ነው። ተንበርክኮ ሥሩን የሚያይ፣ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን በእጁ የሚዳስስ ገዢ ግን ጥቂት ነው። ሻጩ ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ አንዳንዱማ መኪናውን ለገበያ ያወጣው ስላወቀ ነው።

በቅርቡ ጎተራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ አስገድዶኛል። አንድ ወጣት የፊት ጎማ ሊያስቀይር ሃያ ዓመት ያለፋት የቤት መኪናውን ይዞ መጣ። መካኒኩ ክሪኩን ከበሩ ደፍ ሥር ከትቶ ማንሣት ሲጀምር መኪናዋ አልተነሣችም፤ ክሪኩ ራሱ ደፉ ውስጥ ሰመጠ። ሰውየው ክሪኩን አውርዶ በካቻቢቴ ጫፍ ቀለሙን ፈቀፈቀ። ከቀለሙ ሥር የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ስቱኮ ወጣ። ከስቱኮው ሥር ደግሞ የተጨማደደ ጋዜጣና የወንፊት ሽቦ። ላሜራ የሚባል ነገር አልነበረም። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይበየድልኝ» አለ ልጁ። «ልጄ፣ ምኑ ላይ ልበይደው? የሚይዝልኝ ብረት የለም» አለው መካኒኩ። መኪናዋ የዓመቱን ቦሎ ለጥፋለች። ልጁ በየቀኑ እናቱን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው በእሷ ነው።

ይህ የአንድ ልጅ መጥፎ ዕድል አይደለም። መኪናቸው ያረጀባቸው ሰዎች ሲገናኙ የሚያወሩትን ላዳመጠ ሰው ምልክቶቹ ይመሳሰላሉ። በክረምት ከምንጣፉ ሥር ውኃ ይቋጥራል። በሩ ካልተነሣ አይገጥምም። ኮረኮንች ላይ ከኋላ የሚንቋቋ ድምፅ አለ፤ ጎሚኒው ተቀየረ፣ አሞርዛተሩ ተቀየረ፣ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ጎማ ባንድ ወገን ብቻ ይበላል። ባለቤቱ እነዚህን በየተራ ያስጠግናል፣ ለየብቻም ይከፍላል። ሁሉም ከአንድ ሥር ሊመነጩ እንደሚችሉ፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው አካል ራሱ እየሳሳ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስና አይሱዙ ከሥር ወፍራም ሻንሲ አላቸው፤ ቦዲው በቡሎን ይታሰርበታል። የቤት መኪኖቻችን፣ ቪትዙም ያሪሱም ኮሮላውም፣ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። ወለሉ፣ የበሩ ደፍ፣ ምሶሶዎቹና ጣሪያው እርስ በርስ ተበይደው ሻንሲውን የሚተኩት እነሱ ናቸው። የወለሉ ላሜራ በብዙዎቹ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። መኪናው ሲጋጭ ፊቱ ተጨማድዶ ግጭቱን እንዲውጥ፣ ሰው ያለበት ክፍል ደግሞ እንዲጸና ተደርጎ የተነደፈው ይህ ሁሉ ላሜራ ሙሉ ሆኖ ይቆያል በሚል ስሌት ነው። ዝገት የበላው ደፍ በግጭት ጊዜ ይታጠፋል። የደህንነት ቀበቶው የታሰረበት ብረት ከዛገ ቀበቶው ከነቡሎኑ ይነቀላል። ስለዚህ ዝገት የመልክ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ በሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

እዚህ አገር ደግሞ ዝገትን አቅልለን የምናይበት ምክንያት አለን። ደጋው አየር ደረቅ ነው፣ መንገድ ላይ ጨው አይረጭም፣ አዲስ አበባ ከባሕር ሩቅ ናት። እውነት ነው። ነገር ግን መኪኖቻችን ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የጀመሩት ሌላ ቦታ ነው። «የአውሮፓ ነው» የሚለው ቃል ዋጋ ይጨምራል፤ የአውሮፓ መኪና ግን በየክረምቱ በረዶ እንዲያቀልጥ ጨው በተነሰነሰበት አስፋልት ላይ የተነዳ ሊሆን ይችላል። ጨዋማው ውኃ በደፉ ውስጥና በተደራረቡ ላሜራዎች መካከል ይገባል፣ ከውስጥ ወደ ውጭም ይበላል። ቀለሙ ላይ አንዲት ትንሽ ፊኛ ስትታይ ከኋላው ያለው ብረት ተበልቶ አልቋል ማለት ይቻላል። እውቅ ስም ያለው መኪናም ከዚህ አያመልጥም፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የተሠራው የመርሴዲስ ኢ ክላስ፣ ደብልዩ 210 የሚባለው፣ የፊት ሞላው የሚቀመጥበት ብረት ዝጎ በመሰበሩ በባለቤቶቹ ዘንድ ስሙ የተበላሸ ነው።

እኛም የራሳችንን እንጨምርበታለን። በየበሩ ግርጌ ፋብሪካው ውኃ እንዲወርድበት ብሎ የተዋቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የገጠር መንገድ ጭቃ ይደፍናቸዋል፣ ባትላሜራ ሲሠራ ደግሞ ስቱኮ ይሞላቸዋል፣ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ላቫጆ ውስጥ ሥሩ እንዲያብረቀርቅ ናፍጣ የሚያስረጭ አለ፤ ናፍጣው ጎሚኒውን ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል፣ ዝገቱን አያቆምም። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖችን ሁኔታ ሾፌሮቻቸውን መጠየቅ ይበቃል።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት የመሪ ቅየራ ነው። ቪትዝ በዚያ ስሙ ለጃፓን ገበያ የተሠራ፣ መሪው በቀኝ የነበረ መኪና ነው። ከእኛ ዘንድ በግራ መሪ የሚነዳው ዱባይ ውስጥ ተገልብጦ ስለመጣ ነው። ሥራው ዳሽቦርዱን ብቻ የሚነካ አይደለም፤ ሞተሩን ከሰው የሚለየው ግድግዳ ይቆረጣል፣ የመሪው ዘንግና የፍሬኑ ፔዳል የሚታሰሩበት ቦታ ይዛወራል፣ አዲስ ብየዳ ይገባል። በጥንቃቄ የተሠራ እንዳለ ሁሉ በችኮላ የተሠራም አለ። በፋብሪካው ጸረ ዝገት የተሸፈነው ብረት በብየዳ ሙቀት ሽፋኑን ያጣል፤ ያ ቦታ ዳግም ካልታሸገ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። የመሪው ዘንግና የግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ ያገኘ መካኒክ ለባለቤቱ ሲነግር «ሁሉም እንዲህ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

በሌላ አገር የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መኪናው እኛ ከሁሉ አስበልጠን የምናምነው ቶዮታ ነው። በአሜሪካ የቶዮታ ታኮማና ቱንድራ ፒካፕ ባለቤቶች ሻንሲያቸው በዝገት እየተበሳ መሆኑን ለዓመታት ሲናገሩ ቆዩ። አንዱ ለራሱ መካኒክ ቢነግር፣ ሌላው ለጎረቤቱ ቢያማርር ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር። እነሱ ግን የየራሳቸውን ጉዳት ከነመኪናው መለያ ቁጥር ለመንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት አመለከቱ። የተበታተነው አቤቱታ አንድ ላይ ሲደመር ከአንድ መኪና በላይ የሆነ ጉድለት ታየ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኩባንያው ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩትን የተበሱ ታኮማዎች ከገበያ ዋጋቸው በአንድ ተኩል እጥፍ መግዛት ጀመረ። በ2009 ደግሞ ከ2000 እስከ 2003 የተሠሩ 110,000 ያህል ቱንድራዎች ተጠሩ፤ ከኋላ ያለው የሻንሲው ማገር ሲዛግ ስኮርታ ጎማው እየተነዳ ሳለ አስፋልት ላይ ሊወድቅ፣ የፍሬን ቱቦውም ሊጎዳ ይችል ነበር። ጥሪው መጀመሪያ የተላለፈው ጨው በሚረጭባቸው ግዛቶች ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከነዚያ ውስጥ ነበሩ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ስምምነት አቀረበ፦ 1.5 ሚሊዮን ያህል ታኮማ፣ ቱንድራና ሴኮያ ይመረመራሉ፤ ሻንሲው ላይ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የዝገት ቀዳዳ የተገኘበት ሻንሲው በነጻ ይቀየርለታል። ወጪው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። አንድ የግንባታ ሠራተኛ፣ አንድ ገበሬ፣ አንዲት ጡረተኛ ሥሩ የተበሳ መኪናቸውን አይተው ጉዳዩን ማስመዝገባቸው ነው።

እኛ ጋ ባለቤቱ ጉድለቱን ሲያውቅ የሚሄደው ወደ ባትላሜራ ነው፤ ከዚያም ወደ ደላላ። በስቱኮ ይሸፈናል፣ ይቀባል፣ ይሸጣል። ገዢው ሲደርስበት እሱም ያንኑ ያደርጋል። አንድ መኪና በዚህ መንገድ በአምስት ሰው እጅ ሲያልፍ አምስቱም ያውቃሉ፣ የተመዘገበ ነገር ግን አንድም የለም። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር አለ፤ ሻንሲው ስለሚገኝበት ሁኔታ አንድ መስመር የለም።

ጉዳዩ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከ400 በመቶ በላይ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ አሁን ወደ እሱ ክርክር አልገባም። ግን የሁለቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው፦ ትናንት የገቡት አሮጌ መኪኖች ነገም የሚነዱት እነሱ ናቸው። ሃያ ዓመት የሞላው ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ሲጠራለት ማንም አይጥለውም፤ ማንም እንዲጥለውም አልጠይቅም። ላሜራውን አውጥቶ በአዲስ መተካት ግን ይቻላል፣ ሥራውንም የሚችሉ እጆች አሉን። በዱላና በመዶሻ ከጠፍጣፋ ላሜራ የፓራፋንጎ ቅርጽ የሚያወጡ ባለሙያዎች በየሰፈሩ አሉ። ችግሩ ደንበኛው የሚከፍላቸው ለሚታየው መልክ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ምርመራው እዚህ ላይ ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግለታል፤ ካላለፈ ቦሎ አያገኝም። ባለንብረቱ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውንና ጭሱን ነው። በእንግሊዝ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ግን መርማሪው ዝገትን ለይቶ ይፈልጋል። መሪው፣ ሞላው፣ ፍሬኑና የደህንነት ቀበቶው ከታሰሩበት ነጥብ 30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ብረት እንደ ተሸካሚ አካል ይቆጠራል፤ እዚያ ውስጥ ብረቱን ያዳከመ ዝገት ከተገኘ መኪናው አያልፍም። ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ያለ ዝገት ግን ስለታም ካልሆነ አይጥለውም። ይህ ለእኛ የሚሆን ሥርዓት ነው፤ መልክን ትቶ ሰው የሚያድነውን ብረት ብቻ ይጠይቃል። መሣሪያውም ውድ አይደለም፤ ጉድጓድ፣ ባትሪ፣ ብረቱን መታ መታ አድርጎ የሚያዳምጥ እጅ፣ ስቱኮ የሚለይ ማግኔት።

«ደሃውን ባለታክሲ ልታስርበው ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ስድስትና ሰባት ነፍስ የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ። ለእነሱ ዛሬውኑ ሰሌዳህን አምጣ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ የጊዜ ገደብ ይሰጥ፣ ጥገናው በደረጃ ይሁን፣ በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው ጉድለት ይመዝገብ እንጂ አያስቀጣ። ነገር ግን በዚያው ሚኒባስ የሚሳፈረው ተማሪም፣ ጉልት ቸርቻሪዋም ደሃ ናቸው። መቀመጫቸው የታሰረበት ወለል ይይዝ እንደሆነ የማወቅ መብት አላቸው፤ በእነሱ ነፍስ የሚቆጠብ ወጪ የለም።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርንና የየክልሉን ትራንስፖርት ቢሮዎች የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የዓመቱ ምርመራ ቅጽ ላይ ለተሸካሚ አካሉ ሁኔታ የራሱ ክፍል ይኑር፤ ውጤቱም ስመ ሀብት ሲዛወር ለገዢው ይታይ። ባለቤቶች ያገኙትን የቦዲና የሻንሲ ጉድለት ከመኪናው ዓይነትና የምርት ዘመን ጋር የሚያስመዘግቡበት አንድ ቦታ ይከፈት፤ የትኛው ሞዴል በየት በኩል እንደሚሰበር ማወቅ የምንችለው ያኔ ነው። ነገ የኤሌክትሪኮቹ መኪኖች ሲያረጁና ባትሪያቸውን የተሸከመው ወለል መዛግ ሲጀምር ያ መዝገብ ያስፈልገናል።

መካኒኮች ሆይ፣ ክሪክ ሲሰምጥ ያያችሁትን ለባለቤቱ በወረቀት ጻፉለት። ባለመኪናው ደግሞ ከክረምቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፉን ያንሣ፣ ወለሉን በጣቱ ይጫን፣ የበሩን ግርጌ ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈት፣ ጉድጓድ ላይ አስወጥቶ ሥሩን በባትሪ ይይ። ያገኘውንም ሳይደብቅ ለሚገዛው ሰው ይንገር።