እርከኑ ከመሠራቱ በፊት

በጎንደር ዙሪያ ወረዳ፣ በማክሰኝት አካባቢ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ቦረቦሩን እያሰፋ ለሙን አፈር በጉማራ ወንዝ አድርጎ ወደ ጣና ሐይቅ ያወርደዋል። ይህን ለመግታት የመንግሥት ድጋፍ አለ፤ የሚያስቸግረው የት፣ መቼና እንዴት እንደሚጠየቅ ማወቁ ነው።

የመጀመሪያው በር በቀበሌው የተመደበው የልማት ሠራተኛ ነው። የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ የሚታቀደው በነጠላ ማሳ ሳይሆን በተፋሰስ በመሆኑ፣ ከላይኛው ተዳፋት እስከ ታችኛው ማሳ ያሉ ገበሬዎች ተመካክረው ጥያቄያቸውን በጋራ ሊያቀርቡ ይገባል። የእርከን ዘመቻው በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ስለሚካሄድ፣ ምክክሩ አዝመራው እንደተሰበሰበ ቢጀመር ይበጃል።

ይሁንና ድጋፍ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት አማካይነት፣ በምግብ ለሥራ እህል የተሠራው እርከን በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ ቦታ ፈርሷል። ብዙው ገበሬ የራሱ ሥራ አድርጎ አልቆጠረውም ነበርና።

ስለዚህ መሪዎች ከድንጋዩ በፊት ደንቡን ሊያስቀድሙ ይገባል። ከብት እርከኑ ላይ እንዳይለቀቅ፣ የፈረሰው በማን እንደሚጠገን፣ ሣሩም እንዴት እንደሚከፋፈል ገበሬው ራሱ ወስኖ በቃለ ጉባኤ ያስፍር።