የአሳማ ግልገል እንደ ወይፈን አይቀለብም

በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ አሳማ አርቢዎች ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ቀድመው የሚያነሡት የገበያውን ጥበት ነው። እውነታቸውን ነው፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የማይበላውን ሥጋ ለሆቴልና ለውጭ ዜጋ ብቻ መሸጥ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አሳማው ገበያ ከመድረሱ ከወራት በፊት፣ ግልገሉ ጡት በተወ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚባክነው ገንዘብ ትኩረት የተነፈገው ነው። ይህኛውን ደግሞ ማንም ገዢ አላመጣውም።

በ4 ሳምንቱ ጡት የሚተው ግልገል ክብደቱ 7 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በአንድ ቀን እናቱንም፣ ወተቱንም፣ የተኛበትንም ሙቀት ያጣል። ሆዱ የለመደው ወተት መፍጨት ነው፤ ለእህል የሚያስፈልገው ኢንዛይምም የጨጓራው አሲድም ገና አልበረታም። አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ይውልና የአንጀቱ ግድግዳ ይሳሳል፤ ከዚያ ሲርበው ያገኘውን ሁሉ ያግበሰብሳል። ያልተፈጨው መኖ ለባክቴሪያ ይተርፋል፣ ተቅማጡ ይጀምራል። በዚህ ሰዓት ገንዳው ውስጥ ያለው ፉርሽካ ወይም የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሆነ ነገሩ ይብሳል። እርጥቡ የቢራ ተረፈ ምርት ሦስት አራተኛው ውኃ ነው፤ የቀረውም ቃጫ ይበዛዋል። ግልገሉ ሆዱ ተነፍቶ ይራባል።

ይህ አመጋገብ የከብት አድላቢ ልማድ ነው። ለከብት ደግሞ ይሠራል። በካርቱም ምሥራቅ፣ በሐጅ ዩሱፍና በጎረቤቱ ሒላት ኩኩ፣ ላም የሚያልቡ ሰዎች ሱዳኖች አምባዝ የሚሉትን ፋጉሎ ከፉርሽካና ከሞላሰስ ጋር ሰጥተው ወተት ያገኛሉ። ከሚያዝያ 2015 ጦርነት ወዲህ ከካርቱም በመተማ በኩል ብዙ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከመካከላቸው እዚያ ከብት ሲቀልብ የኖረ ሰው እዚህ አሳማ ልጀምር ቢል፣ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያው ፋጉሎ ነው። አገር ቤት የቆየውም አድላቢ ከዚህ አይለይም፤ የእሱ ፋጉሎ የኑግ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

የኑጉም የኦቾሎኒውም ፋጉሎ ፕሮቲን ሞልቶታል፣ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ግን ያጥረዋል። ላሟ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት የጎደለውን ይሠሩላታል። አሳማ ባለ አንድ ጨጓራ ነው፤ ያልበላውን ላይሲን ከየትም አያመጣም። ስለዚህ «ፋጉሎ ጨምሬበታለሁ» የሚለው መልስ ለወይፈን በቂ ሲሆን ለግልገል አይበቃም።

ለግልገሉ የሚሆነው ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው፣ የተፈጨ በቆሎ፣ በደንብ የተቆላ አኩሪ አተርና ተቀቅሎ የደረቀ የዓሣ ተረፈ ምርት ከማዕድንና ቫይታሚን ጋር የተቀላቀለበት መኖ ነው። አኩሪ አተሩ ጥሬ ከሆነ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለበት ጉዳቱ ይበልጣል። ቢሾፍቱ ደግሞ ጥሩ ዕድል አላት፦ የወተት ማቀነባበሪያዎቿ። አጓት የግልገሉ ሆድ የለመደው የወተት ስኳር አለው። በጾም ወራት የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ አሬራውንም አጓቱንም በትኩሱ መግዛት አሳማ አርቢው ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። አንዳንዱ ጎረቤቱ የሚደፋውን ትቶ የግልገል መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል።

«መኖው ውድ ነው» የሚለው ተቃውሞ ሒሳብ ሲሠራ ይቀንሳል። ግልገሉ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 150 ግራም፣ በሁለተኛው 300 ግራም ገደማ ቢበላ በ14 ቀን የሚጨርሰው ከ3 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። አንድ ኩንታል ለ30 ግልገል ይደርሳል ማለት ነው። ደግሞም በዚህ ዕድሜ አንድ ኪሎ ክብደት ለመጨመር ከአንድ ኪሎ ተኩል ያልዘለለ ጥሩ መኖ ሲበቃ፣ ለመሸጥ የደረሰው አሳማ ከ3 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። ቁጠባ የሚያዋጣው በትልቁ ላይ ነው።

ያንን አንድ ኩንታል እንኳ ማግኘት ያልቻለ አርቢ በ4 ሳምንት ጡት ባያስጥል ይሻለዋል። እስከ 6 ሳምንት ቢያቆየው እናቲቱ በዓመት የምትወልድበት ጊዜ ይጓተታል፤ ቢሆንም በፉርሽካ ከሚያልቅ ግልገል ይህ ኪሳራ ይቀላል። በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን መኖውን እናቱ ሥር ሳለ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ማስለመድ፣ በማስጣያው ቀን ደግሞ ግልገሎቹን ሳይሆን እናቲቱን ከቤቱ ማውጣት ወጪ የለውም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለ7 ኪሎ ግልገል ከባድ ነውና ደረቅ ጭድና ነፋስ የማይገባበት ጥግ ያስፈልገዋል።

ተቅማጥ በታየ ቁጥር አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ የሚበትነው አርቢ ግን ሊገሠጽ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ብሎ አንቲባዮቲክ መቀለብን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፤ ብዙ አርቢ አገሮችም የመኖውን ጥራት ማስተካከል ግድ ሆኖባቸዋል። የሆቴል ትርፍራፊው ጊዜው ሌላ ነው፤ ግልገሉ 25 ኪሎ ካለፈ በኋላ፣ ያውም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ፈልቶ። የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ በጥሬ የአሳማ ሥጋ ፍርፋሪ ይተላለፋል፣ የታመመ አሳማን የሚያድን መድኃኒትም የለውም።